ኢቃማ የማይጠይቅ ከተማ

ሪያድ ከተማ፣ መንሱራ ሰፈር በተከራየነው ክፍል ውስጥ ሕጋዊ ሆኖ የሚኖረው የኔ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። እኛ ሦስታችንም ወረቀት የለንም። አብረውኝ ከሚኖሩት አንዱ፣ ጋሼ የምንላቸው የጎጃም ሰው፣ ግድግዳ ለሳኝ ናቸው፤ በባሕር ነው የመጡት። ሌላው የራያ ልጅ ቀለም ቀቢ ነው፤ ከከፊሉ ማለትም በቪዛ ካስመጣው አሠሪ ቤት የጠፋ። እኔ ሲሚንቶ ተሸካሚው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ላፕቶፑ ግን የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በነፃ በሚገኘው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን የፈለገ ሰው አውርዶ ይጭነዋል፤ ቁልፍ አምጣ፣ ፈቃድህን አሳድስ የሚል የለበትም። ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ አሰብ አደረጉና "ከፊል የለውም ማለት ነው?" አሉኝ። የለውም አልኳቸው። "እሱስ ከኛ ተሻለ" አሉና ወደ ሹሯቸው ተመለሱ።

ላፕቶፑን ያገኘሁት የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ስናዘዋውር ነው፤ ከሚጣለው ክምር ውስጥ ወድቆ አየሁት፣ ጠየቅሁ፣ ውሰድ አሉኝ። ክዳኑ ተሰንጥቋል። ማራገቢያው ሲነሳ ወፍጮ ቤት ያለን ይመስላል። ኮምቦልቻ ኮምፒውተር መማር ጀምሬ ጦርነቱ ሲመጣ ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ ማሽኑን አፅድቼ ሊኑክስ ለመጫን ብዙ አልተቸገርኩም። ቀቢው ግን አልወደደልኝም። ገበያ ወርደህ በሕገ ወጥ መንገድ የተከፈተ ዊንዶውስ አስጭን ይለኝ ነበር፣ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። እኔ እምቢ አልኩ።

"ወንድሜ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚደበቅ ነገር ሞልቷል። አንድ እንኳ የማይደበቅ ይኑረን" አልኩት።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለኝ።

"ወረቀቱስ የለኝም፤ ሞኝነቱን ልያዝ እንጂ።"

እንዲህ እየተባባልን እንኖር ነበር። ነገሩ ከቀልድ ያለፈው በእህቴ ምክንያት ነው።

ታናሽ እህቴ ራውዳ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ አዳሯም ውሎዋም እዚያው ነው። ከመንሱራ ራውዳ በመኪና ቢሄዱት ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ሪያድ ከገባች ጀምሮ ዓይኗን አላየሁትም ነበር። እሷ የዕረፍት ቀን የላትም። እኔ ደግሞ ወደዚያ ሰፈር አልሄድም፤ ሰፊ መንገድ፣ ረጅም አጥር፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው የማይታይበት ሰፈር ነው። እዚያ በእግር የሚሄድ ሐበሻ ከሩቅ ይለያል። ፖሊሱ፣ ሹርጣ፣ ከያዘው ደግሞ ተርሒል ነው፤ ታጉሮ ወደ አገር መባረር።

በቪዲዮ አትደውሉም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አሠሪዋ፣ መዳሟ፣ በቤቴ ካሜራ አይከፈትም ብላ የእህቴን ስልክ ከፊትም ከኋላም የቁስል ፕላስተር ለጥፋበታለች። ሴቶቹ ሳይሸፋፈኑ የሚውሉበት ቤት ነውና ይፈራሉ፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ቢገባኝም አናደደኝ። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል፤ የእህቴ ስልክ እንዲሁ ግንባር ሆኖ ቀረ። በድምፅ ስንደዋወል ወሬያችን ያው አንድ ነበር። እናታችን እንዴት ናት፣ መንገዱ ተከፈተ ወይ፣ እገሌ ተያዘ ወይ። ከዚያ እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ እቆጣለሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከማን ጋር እንደተጣላሁ እንኳ አላውቀውም ነበር።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ደወለችልኝ። ዓርብ ከምሳ በኋላ የቤቱ ሰው ስለሚተኛ ለእሷም ትንሽ ፋታ ነው። ድምፅዋ እንደወትሮው አልነበረም።

"የቤቱ ሴቶች ልጆች ጨዋታ አሳዩኝ" አለችኝ። "ሰው ከያለበት በኢንተርኔት ይገባበታል። ለራስህ ሰው ትፈጥርና እሱን ይዘህ ትዞራለህ። ጫካ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ገበያ አለው። ወንድምዬ፣ እዚያ እንገናኝ?"

እኔ ጨዋታ የምጫወት ሰው አልነበርኩም። የጎልማሳ ሰው ሥራ አይመስለኝም ነበር። "እዚያ እንገናኝ" ስትለኝ ግን እሺ አልኳት። ከሷ ጋር፣ በሥዕልም ቢሆን፣ ጎን ለጎን ከመሄድ በቀር ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ ነገር አልታየኝም። ስልኬ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ግማሽ ፊቱ ስለጠቆረ የቀረኝ ላፕቶፑ ነበር።

ልጆቹ የሚጫወቱትን ጨዋታ አወረድኩ። ሊኑክስ ላይ እንዲነሳ ስታገል ሰነበትኩና አንድ ቀን ተከፈተ። ስሜን አስገባሁ፣ ሰው ፈጠርኩ፣ ግባ የሚለውን ነካሁ። ጨዋታው ለካ በሩ ላይ ጠባቂ ፕሮግራም አለው፤ አጭበርባሪዎችን ለመያዝ የተቀመጠ ነው። ኮምፒውተሬን ፈተሸ፣ ሊኑክስ መሆኑን አየ፣ አስወጣኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ይባስ ብሎ ስሜን አገደው። ምን አጠፋሁ? ያጭበረበርኩት የለ፣ የሰረቅሁት የለ። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩና "ኢቃማ ጠይቆት ነዋ!" አሉ። ቀቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

"አሁንስ ዊንዶውስ ታስገባለህ?" አለኝ ቀቢው።

"ሞቼ ነው!" አልኩት። እልህ ነው። እልህ ግን ለኔ ዓይነቱ ሰው ምሳው ነው፤ እሱን ካልበላሁ ሲሚንቶውንም አልሸከምም።

ሌላ ጨዋታ ፈለግሁ። ይሄኛው ለዊንዶውስ የተሠራውን ነገር ሊኑክስ እንዲገባው በሚያስተረጉም ፕሮግራም በኩል ይነሳል የተባለለት ነው። ተነሳ። መሰንቆ የሚመስል ሙዚቃ ይሰማል፣ ወፍ ይንጫጫል፣ መስኮቱ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቀቢው ከመኝታው ቀና ብሎ "ሬዲዮ ገዛህ እንዴ?" አለኝ። ከሱ የቀጠለው ደግሞ ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ተራራው፣ ጉሙ፣ የፈረሱ ጋማ። ማሽኔ ግን አልቻለውም። ሰውዬዬ አንድ እግሩን አንስቶ እስኪያሳርፍ ሸሚዝ ታጥቦ ይሰጣል። የላፕቶፑ ሆድ ስለጋለ ጋሼ "ሽንኩርት ላቁላላበት?" ብለው ጠየቁኝ።

እንደዚህ ስስቅ የቆየሁ አይምሰላችሁ። ዓርብ በመጣ ቁጥር እህቴ "ተሳካ?" ትለኛለች፤ አልተሳካም እላታለሁ፤ "ተወው በቃ፣ አላህ ያለው ቀን እንገናኛለን" ትለኛለች። ድምፅዋ እየቀዘቀዘ ሄደ። ክፍላችንም ታወከ፤ ኢንተርኔቱ የሦስታችንም ነው፣ አንድ ጨዋታ ባወረድኩ ቁጥር ለሌሎቹ አይተርፍም። ጋሼ ከሚስታቸው ጋር እያወሩ ድምፅዋ ተቆረጠባቸው። ቀቢው ኳስ እያየ ጎሉ ሳይገባ ቆመበት። ያን ዕለት ተሰብስበው ፈረዱብኝ። ጋሼ በሽማግሌ ወግ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንፈቅድልሃለን" አሉኝ። "እሱ ካልሠራ ኸላስ፣ በቃ። ሕዝብ አትበድል።"

አንድ ዕድል ስለቀረኝ መሞከሩን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ። የሊኑክስ ሰዎች የሚጻጻፉበት መድረክ አለ፤ ሰዎቹ ግልፍተኞች ናቸው፣ ሲረዱህም እየሰደቡህ ነው። እንግሊዝኛዬን እየጎተትኩ ጻፍኩ። ማሽኔ ደካማ ነው፤ ሊኑክስ ነኝ፣ አልቀይርም፤ እህቴ በስልክ ነው የምትጫወተው፤ አብረን መሄድ እንፈልጋለን። አንዱ ማሽን ግዛ አለኝ። አንዱ ዊንዶውስ ጫን አለኝ፤ እዚያም ቀቢ አይጠፋም። በመጨረሻ አገሩን የማላውቀው ሰው የአንድ ጨዋታ ስም ብቻ ጽፎልኝ ሄደ። አየሁት። ያረጀ ጨዋታ ነው፤ ሥዕሉ በብሎኬት የተሠራ ይመስላል፣ ሰዎቹ ጣት የላቸውም። ሠሪዎቹ ግን ለስልክም ለሊኑክስም ብለው ራሳቸው አዘጋጅተውታል። ማስተርጎም የለ፣ ፍተሻ የለ። በቢስሚላህ አወረድኩት። ኢንተርኔታችን ሳይንገዳገድ ወርዶ አለቀ፤ ነካሁት፤ ተከፈተ፤ ሰውዬዬ እንደ ሰው ሄደ። ማራገቢያው እንኳ አልጮኸም። ላፕቶፑን ብድግ አድርጌ ሳምኩት።

ዓርብ ደረሰ። እህቴ ጨዋታውን በስልኳ ጭና፣ ቀድማ ገብታ ከከተማው መሃል ካለው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ እጠብቅሃለሁ ብላኛለች። ጋሼ በቀኜ፣ ቀቢው በግራዬ ተቀመጡ፤ ጠላቶቼ የነበሩት ሰዎች አሁን ተመልካች ሆነዋል። የኔ ሰው የተፈጠረው ከከተማው ውጭ፣ አንድ የድንጋይ መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ይዤ ሄድኩ። ግንብ ታየ፣ በር ታየ። በሩ ላይ የብረት ቆብ ያደረጉ፣ ጦር የያዙ ሰዎች ቆመዋል።

ማውሱን ለቀቅሁት።

"ቁም!" አሉ ጋሼ። "እነዚያ እነማን ናቸው?"

"የከተማው ጠባቂዎች መሰሉኝ።"

"ታዲያ በዋናው በር ምን ያስኬድሃል? ወደ ጎን ዙር። ግንብ ያለበት ቦታ የውሃ መውረጃ አይጠፋም።"

"መጀመሪያ ከዛፉ ጀርባ ሁን" አለ ቀቢው። "ጀርባቸውን እስኪያዞሩ ጠብቅ፣ ያላ ስልህ ሩጥ።"

እኔም እሺ አልኩ። ሦስት ጢማም ወንዶች፣ አገር አቋርጠን የመጣን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስለ አንድ ሥዕል እንመካከራለን። አንዳችንም አልሳቅንም። ሰውዬዬን ከዛፍ ዛፍ እያስደገፍኩ ከግንቡ ጀርባ ወሰድኩት። እዚያ ረግረግ ነበር። ረግረጉ ውስጥ ተኩላ ነበር። በላኝ። መንገዱ ላይ እንደገና ተፈጠርኩ፣ እንደገና በጎን ዞርኩ፣ እንደገና በላኝ። ጋሼ "ይሄ ደላላ አሳስቶናል" አሉ፤ የቱን ደላላ እንደሆነ አላውቅም።

እህቴ ጻፈችልኝ። ጨዋታው ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው።

"ወንድምዬ፣ የት ነህ?"

"ከግንቡ ጀርባ። ተኩላ አላሳልፍ አለኝ።"

"ከግንቡ ጀርባ ምን ትሠራለህ?"

"በሩ ላይ ጠባቂ አለ።"



"ወንድምዬ፣ ሥዕል እኮ ናቸው። ምንም አይሉህም።"

መጀመሪያ የሳቀው ቀቢው ነው፤ ከፍራሹ ወደቀ። ጋሼ "ኧረ በማርያም!" እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም እምባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ጋሼ ግድግዳውን እያዩ "እዚህ ድረስ ገብተውብናል ለካ" አሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር።  እኔ አፈርኩ፤ ሀፍረቱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ንዴት ዞረ። እንደዚህ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የፈለጉትን ይከልክሉኝ፣ መንገዱን ይከልክሉኝ፣ ሰፈሩን ይከልክሉኝ። ማንም በሌለበት ቦታ እኔው ራሴን የምከለክል ከሆነ ግን ለማን ነው በነፃ የማገለግለው?

መንገዱን ይዤ በሩ ድረስ ሄድኩ። መሃል ለመሃል። አንደኛው ጠባቂ ራሱ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ "ሰላም ለአንተ ይሁን መንገደኛ፣ ግባ" ይላል። ገባሁ። ከዚያ ተመልሼ ወጣሁና እንደገና ገባሁ። ጨዋታው ውስጥ ሰውዬው የሚጨፍርበት ቁልፍ አለ፤ ወደ ግራ ዘለል፣ ወደ ቀኝ ዘለል፣ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ይሽከረከራል። ጠባቂዎቹ ፊት ቆሜ እሱን ነካሁት።

"ድገመው" አሉ ጋሼ። ደገምኩት።

አንዲት ብረት ለባሽ ሴት ከከተማው ውስጥ እየሮጠች መጣችና ፊቴ ቆማ ባለችበት ትዘልል ጀመር። እህቴ ናት። ደስ ሲላት ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ቃል አይወጣትም፣ ትዘልላለች። እኔ እየጨፈርኩ እሷ እየዘለለች ስንት እንደቆየን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዓርብ የኛ ሆነ። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትላላክ የምትውል ልጅ እዚያ መጥረቢያ ይዛ ከፊቴ ትሄዳለች። ተኩላ ሲመጣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እናጠምዳለን፤ የሚይዝላት ለሷ ነው። እሳት አንድዳ ትጠብሰዋለች። እዚያ አገር የተጠበሰ ዓሣ የበላ ሰው የደከመ ጉልበቱ ይመለስለታል፤ ስለዚህ እኔ በተነከስኩ ቁጥር "እንካ" እያለች ትሰጠኛለች። ማልቀስ ቀረ። መቆጣት ቀረ። "በዚያ ጉብታ ጀርባ ምን አለ?" "እንይዋ።" ወሬያችን ይኼ ነበር፤ የሁለት ሕፃናት ወሬ ነው፣ እኔ ግን ያን ያህል ጠግቤ ያወራሁበት ጊዜ የለም።

እንዲህ ሆነን ሳለ አንድ ዓርብ ወንዙ ዳር ዓሣውን ትታ ቆመች።

"ቤተሰቡ ወደ ጂዳ ሊዛወር ነው" ብላ ጻፈች። "እኔንም ይወስዱኛል። እዚህ የቀረኝ አንድ ዓርብ ነው።"

ጂዳ የአገሩ ሌላ ጫፍ ነው። በመንገድ ላይ ያለውን ፍተሻ ወረቀት የሌለው ሰው አያልፈውም። ጨዋታው ጂዳም ይሠራል፤ እሱ አልጠፋኝም። ግን እዚሁ ከተማ፣ አንድ ፀሐይ እየሞቀን፣ ሳላያት ልትሄድ ነው? ቆሻሻ መቼ እንደምታወጣ ጠየቅኋት። "ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት እንዳለቀ" አለችኝ። "ከፋርማሲው ማዶ ያለው ትልቁ ገንዳ። ወንድምዬ ግን እንዳትመጣ። ቢይዙህስ?" እኔ ግን ቆርጬ ነበር።

ጋሼ ሲሰሙ ተቆጡ። ከዚያ እንደማልመለስ ሲያውቁ መንገድ ሊያስጠኑኝ ጀመሩ፤ በየትኛው ጓሮ፣ በየትኛው ቅያስ።

"ጋሼ፣ በጓሮ አልሄድም" አልኳቸው። "በጓሮ ተኩላ አለ።"

እሳቸውም ንጹሕ ሸሚዛቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ሰጡኝ።

በመጨረሻው ዓርብ በታክሲ ሄጄ ዋናው መንገድ ላይ ወረድኩ። ፀሐዩ ገና ጠንካራ ነው፤ አጥሩ ነጭ፣ መንገዱ ባዶ። ፋርማሲው ጋ ስደርስ የሹርጣ መኪና ጥላ ይዛ ቆማለች፤ ውስጧ አንድ ወጣት ፖሊስ ስልኩን ይነካካል። እግሬ ሳላዘው ወደ ጎን ዞረ። እውነቴን ነው፤ እኔን ሳያማክር ራሱ ዞረ። ቆምኩና መለስኩት። ፈርቼ ነበር፤ ግን መሃል ለመሃል ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ "አሰላሙ አለይኩም" አልኩት። ፖሊሱ ከስልኩ ቀና ሳይል "ወአለይኩሙ ሰላም" አለኝ። አለፍኩ።

የብረቱ በር ተከፈተ። ጥቁር የለበሰች፣ በሁለት እጇ ጥቁር ፌስታል ያንጠለጠለች ሴት ወጣች። ሁለት ክንድ ያህል ያነሰች መሰለኝ፤ ለካ የለመድኳት ብረት የለበሰችውን ነው። በሩ ላይ ካሜራ ስላለ መጠጋት አልቻልኩም፤ መጣራትም አልቻልኩም። እሷ ገንዳው ጋ፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆምን። ቀና ብላ አየችኝ። ያ ፊት የእናታችን ፊት ሆኗል።

ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ወደ ግራ ዘለልኩ፣ ወደ ቀኝ ዘለልኩ፣ እጄን ወደ ላይ ወርውሬ ተሽከረከርኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ራውዳ መሃል፣ ከኋላዬ ሹርጣ፣ ከፊቴ ካሜራ። ይቅረጽ! እንዲያውም ደገምኩት። እህቴ ፌስታሎቹን መሬት አስቀመጠች። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ባለችበት ዘለለች፤ ትንሽ፣ ቀሚሷን ያዝ አድርጋ፣ ደግሞ ከፍ አድርጋ። ከውስጥ ሰው ጠራት መሰል ፌስታሎቹን ገንዳው ውስጥ ጥላ ገባች። በሩ ተዘጋ።

መንሱራ ስመለስ ጋሼ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሸሚዛቸውን መለስኩላቸው። መሽቶ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩና በሩን አልፌ፣ ጠባቂዎቹ ሰላም ብለውኝ፣ ጉድጓዱ ጋ ሄድኩ። እህቴ ቆማ ነበር። ዛሬ አልዘለለችም። 

"ከስተሃል" ብላ ጻፈች።

ደህና ነኝ፣ ሸሚዙ የሰው ስለሆነ ሰፍቶኝ ነው አልኳት። አልሰማችኝም። ቦርሳዋን ከፍታ በስንት ዓርብ ያጠመደችውን የተጠበሰ ዓሣ አንድም ሳታስቀር ወደኔ አዞረችው።

"ብላ" አለችኝ። "እያየሁህ ብላ።"

በላሁ።